የሦስተኛው ጉድጓድ ውኃ ጣፋጭ ነው ብዬ ስለ መፈረሜ

ለተከበሩ ጓድ ምንዋጋው አስማረ
የመርሳ ጀዲድ ንጹሕ ውኃ አቅርቦት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መርሳ ጀዲድ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ኩላሊትዎ ደኅና እንደሚሆን ጽኑ እምነት አለኝ፤ ከደጋ በቦቴ መኪና ተጭኖ በየሳምንቱ ቤትዎ ደጃፍ የሚወርደው ውኃ ለኩላሊት የሚስማማ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉና። እኔ አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ምናልባት ከሥራዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ሰላሕ ዓሊዬ እባላለሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ አሥራ ስምንት ዓመት የፓምፕ ጠባቂና የውኃ ቀማሽ ሆኜ አገልግያለሁ፤ ከመጋቢት ወር ጀምሮ ግን በትውልድ አገሬ በሰቆጣ እገኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወጉ አሽጌ መላክ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ እንደቀሩ ስለ ሰማሁ፣ አራተኛውን ለመክፈት እንዳይደክሙ ብዬ ክፍት አድርጌዋለሁ። በእጄ አራት ጊዜ ገልብጨዋለሁ፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፣ አንዱ በመርሳ ጀዲድ ቦኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ለበላይ መሥሪያ ቤትዎ ይሄዳል፣ አንዱ እዚህ ሰቆጣ ገበያው አጠገብ ከሱቅ በር ላይ ይሰቀላል። እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ ዘመን በግልጽ መጻፍ አደጋ እንዳለው የመከሩኝ ሰዎች አሉ፤ ሰዎች ማለቴ አንድ ባለሱቅ ነው። እኔ ግን በእኔ ጥፋት ተጠርታ የምትጠየቅ ሚስት የለችኝም፣ ከትምህርት ቤት የሚባረር ልጅም የለኝም። ለዚህ ለብቸኝነቴም የእርስዎን ውለታ እያስታወስሁ እጽፋለሁ፤ ምስጋናዬንም እንደ መሥሪያ ቤታችን ሥርዓት በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መሳቢያዎ አመሰግናለሁ።

አባቴ ዓሊዬ የሰቆጣ ጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር ምድር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ሲረከብ ጫፉን በምላሱ ነካ አድርጎ ይህ ንጹሕ ነው፣ ይህ አፈር አለበት፣ ይህንን ዝናብ አግኝቶታል ይል ነበር፤ ለእኔም ያንኑ ሙያ አወረሰኝ። በ1954 ዓ.ም. ከባለቤቴ ከሀሊማ ጋር እንጀራ ፍለጋ ወደ ቀይ ባሕር ዳር ወደ መርሳ ጀዲድ ስወርድ፣ በጊዜው የነበሩት ኃላፊ ከሦስቱ የከተማዋ ጉድጓዶች የተቀዳ ውኃ በሦስት ብርጭቆ አስቀርበው አስቀመሱኝ። ለባሕሩ የሚቀርበው ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ሳልሳሳት ብነግራቸው በዚያው ቀጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከሶላት መልስ ከሦስቱም ጉድጓድ እየተጎነጨሁ በመዝገቡ ላይ ‹ጣፋጭ› ወይም ‹ጨው ነክቶታል› ብዬ እጽፍ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ጣፋጭ› ከሚለው ቃል በቀር የጻፍሁት የለም ማለት ይቻላል።

የመርሳ ጀዲድ ጣፋጭ ውኃ ብዙ አይደለም። ከአሸዋው ሥር በባሕሩ ውኃ ላይ እንደ ዘይት ሰፍፎ የተቀመጠ የዝናብ ውኃ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ይህንኑ መርምረው፣ ፓምፑ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ከሠራ ጣፋጩ እየሳሳ ሄዶ ባሕሩ ከሥር እንደሚመጣ፣ አንዴ ከመጣም ቶሎ እንደማይመለስ በአምስት ገጽ ጽፈው ሰጡን። እርስዎ በ1970 ዓ.ም. ቢሮውን ሲረከቡ ያን ጽሑፍ በመሳቢያዎ ውስጥ ቆለፉበት። ከእርጥበትም ከአንባቢም ጠብቀው እስከ ዛሬ ስላቆዩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ።

የ1970ው የከተማዋ የጦርነት ከበባ ካለፈ በኋላ ወታደሩም የወደብ ሠራተኛውም በረከተ፣ የሚጠጣውም በዛ። ከ1971 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ ፓምፑ በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት እንዲሠራ አዘዙ። ሁለቱ ሰዓት የተተወው ለጉድጓዱ ታዝኖ ሳይሆን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ነው። በፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይም ‹ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን› የሚል መፈክር በቀይ ቀለም አጻፉ። ባሕሩ ግን ማንበብ አይችልም ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ገና አልደረሰበትም።

መጀመሪያ አፍ አውጥተው የተናገሩት ሴቶቹ ናቸው። ጎረቤታችን እታለም፣ ባሏ በወደቡ ዕቃ ተሸካሚ የሆነ የአራት ልጆች እናት፣ በሚያዝያ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ ሳሙናው አረፋ እንዳልሰጣት፣ ምስሩም ግማሽ ቀን ተጥዶ እንዳልበሰለላት ለሀሊማ ነገረቻት። ሀሊማ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ እንጂ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ከሦስተኛው ጉድጓድ በምላሴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲቀር ይሰማኝ ነበርና፣ በማግስቱ በመዝገቡ ላይ ‹ጨው ነክቶታል› ብዬ ጽፌ ሪፖርት አደረግሁ። እርስዎም ምላስ መሣሪያ እንዳልሆነ፣ መሣሪያው ከውጭ አገር እንደታዘዘ፣ እስኪመጣ ድረስ ሕዝብ የሚያሸብር ቃል በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዳልጽፍ በትዕግሥት አስረዱኝ። በሰኔም ጻፍሁ፣ በነሐሴም ጻፍሁ። በነሐሴ የጻፍሁት ‹ጨው ነው› የሚል ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ብዕርዎ።

ጳጉሜን 3 ቀን ወደ ቢሮዎ አስጠሩኝ። ለአብዮት በዓል እንግዶች ከበላይ እንደሚመጡ፣ የውኃው ሁኔታ በሪፖርት እንደሚነበብላቸው ነገሩኝና አንድ የተተየበ ወረቀት አቀረቡልኝ። ‹የሦስቱም ጉድጓዶች ውኃ ጣፋጭ መሆኑን ቀምሼ አረጋግጫለሁ› ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፏል። የሦስተኛውን እንኳ እንተወው ብዬ ለመንሁ። በዓሉ ሲያልፍ ፓምፑን ለአንድ ወር ላሳርፈው ቃል ገብቻለሁ አሉኝ፤ ቀጥለውም የምኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን በጣም በለሰለሰ ድምፅ አስታወሱኝ። ከዚያ የራስዎን ብዕር ከደረት ኪስዎ አውጥተው ሰጡኝ።

ጓድ፣ እዚህ ላይ በእርስዎ ብቻ ላሳብብ አልሻም። እጄን የያዘው ሰው አልነበረም። ፈራሁና ፈረምሁ።

መስከረም 2 ቀን እንግዶቹ መጡ፤ ወረቀቱ ተነበበ፤ ጠረጴዛው ላይ በተደረደሩት ብርጭቆዎች ውኃ ተቀድቶላቸው ጠጡና ጣዕሙን አደነቁ። ውኃው በማለዳ ከቦቴው በማሰሮ የተቀዳ እንደነበረ የምናውቀው እርስዎ፣ እኔና የቦቴው ሾፌር ነበርን። እኔም ከተሰላፊዎቹ ጋር አጨበጨብሁ። ፓምፑም በዓሉ ካለፈ በኋላ ሃያ ሁለት ሰዓቱን ቀጠለ።

አራተኛ፣ ስለ ሀሊማ።

ባለቤቴ ከክረምቱ ጀምሮ እግሯ ያብጥ፣ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሿ ያጥር ነበር። በመስከረም መጨረሻ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርምሮ ልቧ መድከሙን፣ ውኃም በሰውነቷ መቋጠሩን ነገረንና፣ ከእንግዲህ ጨው የሚባል ነገር በአፏ እንዳይዞር አጥብቆ አዘዛት። የጨው ነጋዴ ምራት ናት፤ ወጥ ያለ ጨው በልታ አታውቅም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጫውንም ቀዩንም ያለ ጨው ሠራች፣ ለእኔ ለብቻዬ በትንሽ ዕቃ ጨው እያስቀመጠችልኝ። ለሁለት ወር አንዲት ቅንጣት አልቀመሰችም። የምትጠጣው ግን ከቦኖው ነበር፤ ቦኖው የሚቀዳውም ከሦስተኛው ጉድጓድ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ለወደቡና ለጦር ሠፈሩ ተመድበው በዘበኛ ይጠበቁ ነበር።

ከደጋ የሚመጣው ቦቴ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለኃላፊዎች ቤትና ለእንግዶች ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን ሰረቅ አድርጎ ሰጠኝ፤ በሦስተኛው ዘበኛው ከለከለው። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጥቼ በቀን ግማሽ ጀሪካን፣ እሱም ባይሆን በሁለት ቀን ግማሽ እንዲፈቀድልኝ ቆሜ ለመንሁ። የመለሱልኝን ቃል አንዲት ፊደል ሳላጎድል አስታውሳለሁ።

«ጓድ ሰላሕ፣ ለሚስትህ የቦቴ ውኃ ብሰጥ የጉድጓዱ ውኃ መጥፎ ነው ማለት ይሆናል። አንተ ደግሞ ጣፋጭ ነው ብለህ ፈርመሃል። የትኛውን ሰላሕ ልመን?»

በመጣሁበት እግሬ ተመለስሁ።  እንዲህ አፍ የሚያስይዝ ንግግር ስለ ሰጠዎት ምስጋና የሚገባው ለማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ወረቀቱን እኔ እንደፈረምሁት አልክድም።

ከዚያ በኋላ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ጣሪያችን ሥር በርሜል አቆምሁ፤ አልዘነበም። እታለም ከአንድ መርከበኛ ቤት በልብስ አጠባ ፈንታ ሁለት ጠርሙስ አመጣችላት፤ ለልጆችሽ ይሁን ብላ መለሰችላት። ኅዳር ሲጋመስ ሀሊማ ከአልጋ መነሳት ተሳናት። አንድ ቀን ቀትር ላይ በጣሳ ውኃ ይዤላት ገባሁ። በክንዴ ደግፌ ቀና አደረግኋት። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ሳትጠጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሰላሕ፣ ውኃው ዛሬ እንዴት ነው?»

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሥራዬን ለእኔ ትታልኝ ነበር።

«ጣፋጭ ነው» አልኋት።

«አንተ ካልህ» አለችና ጠጣች። አንድም ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ከዚያ ጣሳውን መልሳ ሰጠችኝ፤ አፏንም በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ከንፈሯ እንደተኮማተረ አየሁ። ማወቋን አወቅሁ። እሷም ማወቄን አወቀች መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በስምንተኛው ቀን ሞተች። አላህ ይማራት።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ስለ ጠፋብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። አምስተኛም ስድስተኛም ምስጋና ነበረኝ፤ ያለ ቁጥር እቀጥላለሁ።

ውኃው ብቻውን ገደላት ብዬ አልጽፍም። ድሬሰሩም ልቧ ቀድሞውኑ ደካማ እንደነበረ ነግሮኛል፤ እኔም የማላውቀውን ነገር ቀምሻለሁ ብዬ ዳግመኛ አልፈርምም። የማውቀው ይህን ነው፤ ጨው የተከለከለች ሴት በየቀኑ ጨው አጠጥቻለሁ፣ ጠይቃኝም ዋሽቻታለሁ።

ጥር ላይ በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ስብሰባ ነበር፤ እርስዎም በክብር ተገኝተው ስለ ንጹሕ ውኃ ድል ንግግር አደረጉ። አስተያየት ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። የሦስተኛው ጉድጓድ ውኃ ከሚያዝያ ጀምሮ ጨው መሆኑን፣ ሁለተኛውንም ጨው እየነካው መሆኑን፣ በበዓሉ የተነበበው ፊርማ የውሸት መሆኑን፣ ዋሾውም እኔ መሆኔን ተናገርሁ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ያህል ነበር፤ ሁሉም ያን ውኃ በየቀኑ ይጠጣዋል፤ ሁሉም ምላስ አለው። አንድም ሰው ግን ቃል አልተነፈሰም። ከኋላ መደዳ እታለም ብቻ ተነሳች። የምትናገር መስሎኝ ነበር፤ እሷም ግን ሳትናገር ቆማ ቀረች፣ ሊቀመንበሩ ተቀመጪ እስኪላት ድረስ። ያ መቆሟ እስካሁን ስንቄ ነው።

እኔም ወሬ አናፋሽ ተብዬ አሥራ ዘጠኝ ቀን በቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ታሠርሁ። ስለ እሥሩ ቅሬታ የለኝም፤ ከባዶ ቤት ይልቅ ሰው ያለበት ክፍል ነበር። ስወጣ ምላሴ በዕድሜ መድከሙን የሚገልጽ የጡረታ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ምላሴን እንኳ ሳያስመረምሩ ድካሙን ከሩቅ ስለ ተረዱልኝ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት ቤቱን አስረከብሁና፣ ልብሴን በአንድ ሻንጣ፣ የሀሊማን ልብስ በአንድ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና ከአሥራ አንድ ቀን ጉዞ በኋላ ሰቆጣ ገባሁ።

የአባቴ ቤት ግንቡ ቆሟል፤ ሰዎቹ ግን የሉም። እህቴ ዓሚኔ ከሁለት ዓመት በፊት መሞቷን የሰማሁት እዚሁ ደጃፏ ላይ ቆሜ ነው፤ የተጻፈልኝ ደብዳቤ በከበባው ጊዜ መንገድ ላይ ቀርቷል። አብረውኝ ያደጉት ግማሾቹ የሉም፤ የቀሩትም በትሕትና ያናግሩኛል፤ እንደ እንግዳ። ሀሊማ ከዚሁ ከሰቆጣ አጠገብ ከጋዝጊብላ ናት፤ ስትቆጣ አገውኛ ትናገር ነበር። አሁን ገበያ መሐል አገውኛ ስሰማ ቆም እላለሁ፤ የሚቆጣኝ ሰው ግን የለም።

ውኃ ራሴ እቀዳለሁ። የሰቆጣ ሴቶች ምንጩ ላይ ሽማግሌ ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ያፍራሉ፤ ተራቸውን ይለቁልኛል፤ አንዲት አልጣሽ የምትባል መበለት ልቅዳልዎት ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። እምቢ ያልኋት ሥራ እንዳልፈታ ብዬ ነው። በየጠዋቱ እንደ ልማዴ እቀምሰዋለሁ። እንከን የለበትም። እንዲህ ያለ ውኃ በሕይወቴ አልቀመስሁም ማለት እችላለሁ፤ የምነግረው ሰው ስለሌለ ግን እውጠውና ጀሪካኔን ተሸክሜ እመለሳለሁ።

ባለፈው ወር ከእታለም ደብዳቤ ደረሰኝ። ሦስተኛው ጉድጓድ በነሐሴ መዘጋቱን፣ ሁለተኛውም እንደተከተለው፣ ሕዝቡ አሁን በጠቅላላ የቦቴ ተራ እንደሚጠብቅ፣ እሷም ሁለቱን ትንንሽ ልጆቿን ደጋ ወደ እናቷ እንደሰደደቻቸው ትነግረኛለች። ለእርስዎም የምስጉን ኃላፊ የምስክር ወረቀት እንደተሰጠዎት ጽፋለች። እንኳን ደስ አለዎት። አንድ ኃላፊ ባሕርን የሚያህል ነገር እስከ ሰው ጓዳ ድረስ በቧንቧ ማስገባቱ በእርግጥም ሽልማት ይገባዋል፤ አባቴ ያንን ያህል ጨው ለማድረስ ስንት ግመል ይፈጅበት ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው። ሥራዬ ይመለስልኝ አልልም፤ የጡረታ አበሌም ይጨመርልኝ አልልም። አንድ የቀረ ጉድጓድ አለ። ከመሳቢያዎ ውስጥ ያቺን አምስት ገጽ ያውጡና ለእሱ እንኳ ያንብቡለት። ከዚያም በ1971 ጳጉሜን 3 ቀን የፈረምሁትን ወረቀት አስቀርበው፣ ‹ጣፋጭ› የሚለውን ይሰርዙና ከአጠገቡ ‹ጨው ነበር፤ ፈራሚው እያወቀ ዋሽቷል› ብለው ይጻፉልኝ። ስሜን አያጥፉት። ብዕር ቢቸግርዎ የእርስዎው እኔ ዘንድ ናት፤ ያን ዕለት ደንግጬ ኪሴ ውስጥ ከትቻት ወጥቼ ኖሮ እዚህ ሻንጣ ስፈታ አገኘኋት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ሥልጣንዎ ይጽና፤ ቦቴዎ መንገድ ላይ አይሰበር፤ የሚፈርሙልዎት ሰዎች አይታጡ። ከደጋ ሆኜ ስለ ጤናዎ የማስብ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የቀድሞ ሠራተኛዎና የዘወትር ባለዕዳዎ፣

ሰላሕ ዓሊዬ
ሰቆጣ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስሁ በኋላ አንድ ከመርሳ ጀዲድ የመጣ መንገደኛ አገኘሁ። አዲስ ጉድጓድ ሊቆፈር ቦታ ሲፈለግ፣ ከቀረው አንድ ጉድጓድ ሌላ በከተማዋ ጣፋጭ ውኃ ያለው ከእስላም መቃብሩ ሥር ብቻ ሆኖ መገኘቱን፣ ችካሉም በምሥራቁ ጫፍ መተከሉን ነገረኝ። ያ ጫፍ ሀሊማ ያረፈችበት ነው። በቁሟ ሳለች እስከ ደጃፏ ያልደረሰ ውኃ ፍለጋ ሞተር ጭናችሁ እስከ ራስጌዋ ድረስ መምጣታችሁ ትልቅ አክብሮት ነው፤ ስለ እሷ ሆኜ እቀበላለሁ። ለቆፋሪዎቹ ግን አንድ ነገር ይዘዙልኝ፤ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ። ሀሊማ እንቅልፏ ቀላል ነበር።